ወተቱ ጠራ ማለት ግቷ ዳነ ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ዙሪያ አርሶ አደር ነኝ። ጣና ዳር የምትግጥ የተዳቀለች ላም አለችኝ። በወለደች በሁለተኛው ሳምንት ከአራቱ ጡቶቿ የኋላ ቀኙ አብጦ ጋለ፤ ወተቱም እርጎ የመሰለ ቅንጣት ይዞ ይወጣል። ሐኪሙ መድኃኒት ጀመረላት፤ በሁለተኛው ቀን ወተቱ ጠራ። መድኃኒቱን ላቁም? ቅንጣቱስ በሽታው ራሱ ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ አያቁሙ። ምክንያቱ ያለው ስለ ቅንጣቱ በጠየቁት ውስጥ ነው።

ቅንጣቱ በሽታው አይደለም፤ በሽታውን ሊገጥሙ ከደም የመጡ ነጭ የደም ሕዋሳት ከረጋ የወተት ፕሮቲን ጋር ተጣብቀው የሚታዩበት ነው። በጤናማ ግት ውስጥ እንኳ ማክሮፌጅ የሚባሉ ሕዋሳት ሁልጊዜ አሉ። ውሻ ጅብን በጠረኑ እንደሚለይ ሁሉ፣ እነርሱም በላሚቱ በራሷ ሕዋሳት ላይ ፈጽሞ የማይገኘውን የባክቴሪያ ሽፋን በላያቸው ባሉ ተቀባዮች ይለያሉ፤ ከእበት የሚመጣው ኢ ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ወዲያው ኬሚካላዊ መልእክት ይለቃሉ፣ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ እርስዎ በእጅዎ የዳሰሱት ሙቀትና እብጠት ይከተላል። በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊል የተባሉት ከደም ይጎርፋሉ። ባክቴሪያውን ከበው ይውጡታል፤ በውስጣቸው ባሉ ኢንዛይሞችና በመርዛማ የኦክስጅን ውህዶች ይገድሉታል። አንዳንዶቹ ሲሞቱ የራሳቸውን ዲኤንኤ ዘርግተው ያጠምዱበታል። በአንድ ሚሊ ሊትር ጤናማ ወተት የሕዋሳቱ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሺህ በታች ነው፤ በታመመ ጡት ግን ሚሊዮኖች ይደርሳል።

ችግሩ ግት ለእነዚህ ሕዋሳት የማይመች ስፍራ መሆኑ ነው። የወተቱን ቅባትና ፕሮቲን ጭምር እየዋጡ ይደክማሉ፤ በወሊድ ሰሞን ደግሞ አቅማቸው ይቀንሳል። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለው ባክቴሪያማ ከተዋጠ በኋላ እንኳ በዋጠው ሕዋስ ውስጥ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ወተቱ የሚጠራው ብግነቱ፣ ማለትም ያ ሙቀትና እብጠት፣ ሲበርድ ነው፤ ባክቴሪያው ማለቁን አያሳይም። ስለዚህ የታዘዘውን ቀን ሁሉ ይጨርሱ።

መድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የእገዳ ቀን እስኪያልፍ ወተቷን ለቤተሰብም ለገበያም አያውሉ፤ ለእርጎና ለቅቤም አያጠራቅሙ። ማፍላት መድኃኒቱን አያጠፋውም። የታመመውን ጡት በመጨረሻ ይለቡ፤ ወተቱንም መሬት ላይ ሳይሆን በዕቃ ተቀብለው ያስወግዱ። ከአንድ ዕቃ ቅቤ እየጠነቆሉ የላሞቹን ሁሉ ጡት መቀባት ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ በጣም የሚያናድደኝ ልማድ ነው፤ በሽታውን ከላም ወደ ላም ያጋባል።

ከታለበች በኋላ የጡቱ ቀዳዳ እስከ አንድ ሰዓት ያህል ክፍት ይቆያል። በዚያ ሰዓት ወደ ሐይቁ ዳር ረግረግ አይንዷት፤ እንዳትተኛ ድርቆሽ ይስጧት።

መብላት ካቆመች ወይም ጡቱ ከቀዘቀዘና ከጠቆረ ግን ነገ አይበሉ፤ በዚያው ቀን ሐኪሙን ይጥሩ።