ፍሬኑ የት ጠፋ? ስለ አር.ኤን.ኤ እና ካንሰር የጠየቃችሁኝ

ባለፈው ስለ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ ሁለት መስመር ጣል ባደርግ ጥያቄው ጎረፈ። ሁሉንም አልችለውም፤ አምስቱን ልሞክር።

«ዲ.ኤን.ኤ እሺ። አር.ኤን.ኤ ደግሞ ምንድን ነው?»

ቀበሌ ሄደው ያውቃሉ አይደል? ዋናው ፋይል ከመዝገብ ቤት አይወጣም፤ የሚወጣው ኮፒው ነው። ዲ.ኤን.ኤ ዋናው ፋይል ነው፤ የሕዋሱ አስኳል ውስጥ ተቆልፎበታል። መልእክተኛው አር.ኤን.ኤ ኮፒው ነው፤ ወጥቶ ይሄድና ፕሮቲን ይሠራበታል። ማይክሮ አር.ኤን.ኤ ደግሞ ኮፒውን መንገድ ላይ ይዞ «ይሄ አይሠራበትም» የሚል ተቆጣጣሪ ነው። ርዝመቱ 22 ኬሚካላዊ ፊደል ገደማ ብቻ።

«አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። ሲ.ኤል.ኤል የሚባል የደም ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። ውጤታቸው ላይ ‹13ኪው ዲሊሽን› ይላል። ምንድን ነው የጠፋው?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

እግዜር ይማርልሽ እህቴ። የጠፋው ከ13ኛው ክሮሞዞም ላይ ቁራጭ ነው። ከግማሽ በላይ በሚሆኑት የዚህ በሽታ ታማሚዎች ላይ ይታያል። ቁራጩ በጠፋ ቁጥር በሽታው ከመጣ፣ እዚያ ቦታ ላይ ሕዋሱ ከልክ በላይ እንዳይበዛ ፍሬን የሚይዝ አንድ ጂን መኖር አለበት። ተመራማሪዎች ዓመታት ፈለጉት። አጡት። ለምን ቢባል፣ ሁሉም ይፈልግ የነበረው ፕሮቲን የሚሠራ ጂን ነበራ!

ጣሊያን የተወለደው ተመራማሪ ካርሎ ክሮቼ እና ባልደረባው ጆርጅ ካሊን፣ ያኔ ፊላደልፊያ ነበሩ፣ በ2002 እዚያው ቦታ ላይ ሁለት ሚጢጢ ጂኖች አገኙ፦ ሚር-15ኤ እና ሚር-16-1። ስማቸው የመኪና ታርጋ ይመስላል። ፕሮቲን አይሠሩም፤ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ ናቸው። በአብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ ወይ ጠፍተዋል ወይ አንሰዋል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በ2005 የክሮቼ ቡድን እነዚህ ሁለቱ የሚይዙትን ኮፒ ለየ፤ ቢ.ሲ.ኤል-2 የሚባል ፕሮቲን የሚሠራበት ኮፒ ሆኖ ተገኘ። ይህ ፕሮቲን ሕዋስ ጊዜው ደርሶ እንዳይሞት ይከለክላል። ጂኑን በ1984 በሌላ የሊምፍ ካንሰር ላይ ያገኘውም የክሮቼ ቡድን ነበር። ሰውዬው ዞሮ ዞሮ የገዛ ደጃፉ ላይ ደረሰ። ተቆጣጣሪዎቹ ሲጠፉ ቢ.ሲ.ኤል-2 ይበዛል፤ ነጭ የደም ሕዋሳቱም አንሞትም ብለው ይከማቻሉ። በ2016 አሜሪካ ውስጥ ለዚህ በሽታ የተፈቀደው ቬኔቶክላክስ የሚባለው እንክብል የሚያግደው ይህንኑ ፕሮቲን ነው።

ለአባትሽ ደግሞ፦ 13ኪው ብቻውን ሲታይ ከተሻሉት ምልክቶች አንዱ ነው። ሐኪማቸውን «17ፒ የሚባለውስ አለባቸው?» ብለሽ ጠይቂ። ያኛው ከ17ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚጠፋ ቁራጭ ነው፤ ሕክምናውን የሚለውጠውም እሱ ነው።

«ታዲያ የጠፋውን ማይክሮ አር.ኤን.ኤ መልሶ መስጠት አይቻልም?»

ተሞክሯል። ኤም.አር.ኤክስ-34 የተባለ መድኃኒት ሚር-34 የሚባለውን ሌላ ፍሬን አስመስሎ ተሠርቶ በ2013 በሰው ላይ ሙከራው ተጀመረ። በ2016 ቆመ። የሰውነት መከላከያው ፍሬን እንደበጠሰ አይሱዙ ሆኖ 4 ታማሚዎች ሞቱ። አንድ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ በመቶ የሚቆጠሩ ኮፒዎችን ሊነካ ይችላል፤ አንዱን ብቻ ንካ ብለው አያዙትም። ስለዚህ «ተአምረኛ የአር.ኤን.ኤ መድኃኒት» የሚል ቪዲዮ ሲላክላችሁ ረጋ በሉ።

«የኮቪድ ክትባት አር.ኤን.ኤ ነው፤ ካንሰር ያመጣል ይላሉ። እውነት ነው?»

አይደለም። ክትባቱ ውስጥ ያለው መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ፣ ማለትም ኮፒው፣ አስኳል ውስጥ አይገባም፤ ሥራውን ጨርሶ ይበጣጠሳል። እንዲያውም በዚሁ ዘዴ ለቆዳ ካንሰር ክትባት እየተሞከረ ነው። ሞደርና እና መርክ የተባሉት የመድኃኒት ኩባንያዎች በ157 ታማሚዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ክትባቱ ከሌላ የካንሰር መድኃኒት ጋር ሲሰጥ ካንሰሩ የመመለስ ወይም የሞት አደጋ መድኃኒቱ ብቻውን ከተሰጣቸው በ44 በመቶ አንሷል። ሙከራው ትንሽ ነው፤ ትልቁ ተከትሏል።

«በ2024 የኖቤል ሽልማት ለትል ተሰጠ ሲሉ ሰማሁ። ቀልድ ነው?»

ለትሉማ አልተሰጠም! ቪክቶር አምብሮስ እና ጋሪ ራቭከን ናቸው የተሸለሙት። በ1993 የመጀመሪያውን ማይክሮ አር.ኤን.ኤ ያገኙት አንድ ሚሊ ሜትር በምትሆን ትል ላይ ነው። ያኔ ብዙ ሰው «የትሏ ጉዳይ ነው» ብሎ አለፈው። በ2000 ሁለተኛው ሲገኝና ያው ራሱ ሰው ውስጥም ሲታይ ነው ሁሉም ዘወር ያለው። የክሮቼ ግኝት የመጣው ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው።