ኮሌራና የስዊዝ ቦይ

ጥያቄ፦ በቅኝ ግዛት ዘመን ኃያላን መንግሥታት ስለ ኮሌራ ከ1851 ጀምሮ ሲመክሩ ቆይተው፣ የሚጸና ስምምነት ላይ ለመድረስ አርባ ዓመት ያህል የፈጀባቸው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ የበሽታው መንስኤ አለመታወቁ አንዱ ምክንያት ቢሆንም፣ ከባዱ እንቅፋት ንግድ ነበር። በ1865 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በመካ ሐጃጆች መካከል የተነሣው ኮሌራ በግብፅ በኩል አውሮፓ በመድረሱ፣ በማግሥቱ ዓመት በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት ልዑካን የበሽታው ምንጭ ሕንድ መሆኗን አመኑ። ይህ ድምዳሜ ሕንድን ለምትገዛው ብሪታንያ አልተመቻትም፤ በ1869 በተከፈተው የስዊዝ ቦይ ከሚያልፉት መርከቦች አብዛኞቹ የእርሷ ስለነበሩ፣ ኳራንቲን (በሽታ እንዳይዛመት መርከቦችንና ሰዎችን ለቀናት ለይቶ ማቆየት) ለእርሷ የሸቀጥ መዘግየትና ኪሳራ ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ በ1884 በሽታውን የሚያመጣውን የኮሌራ ባክቴሪያ ከሕንዷ ከተማ ከካልካታ ካሳወቀ በኋላ እንኳ፣ የብሪታንያ መንግሥት ግኝቱን ለመቀበል አመነታ፤ ሳይንስ ለጥቅም ሲባል እንዲህ መገፋቱ እጅግ ያሳዝናል። የመጀመሪያው ስምምነት በ1892 በቬኒስ ተፈረመ፤ እርሱም በዋናነት የስዊዝን መተላለፊያ የሚመለከት ነበር። በቀይ ባሕር በካማራን ደሴት ለኳራንቲን ለቀናት ይታገዱ የነበሩት የሕንድና የጃቫ ድሆች ሐጃጆች ግን በጉባኤዎቹ የራሳቸው ድምፅ አልነበራቸውም።