«ደጁን ዝጉት» ወይስ «በሩን ዝጉት»?

ጥያቄ፦ አያቴ ከገጠር መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ፣ በገባን በወጣን ቁጥር «ደጁን ዝጉት» ይሉናል። እኛ ልጆቹ ደጅ የምንለው ከቤት ውጭ ያለውን ስለሆነ፣ ውጭ እንዴት ይዘጋል እያልን እንስቃለን። ትክክሉ የትኛው ነው? ደጃፍስ ከሁለቱ በምን ይለያል?

መልስ፦ አያትዎ አልተሳሳቱም። ደጅ የሚለው ቃል መግቢያውንም ከመግቢያው ፊት ያለውን ውጭም በአንድነት ሲጠራ የኖረ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በራእየ ዮሐንስ ምዕራፍ 3 ቁጥር 20፣ እንግዳው የሚያንኳኳው በደጅ ቆሞ ነው፤ የሚከፈትለትም ያው ደጁ ነው። ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ ቁጥር ውስጥ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ሹመት ወይም ፍርድ የሚፈልግ ሰው በንጉሥ ወይም በመኳንንት ግቢ በር እየዋለ መጠበቁም «ደጅ ጥናት» ተብሏል። ዛሬ ጉዳዩ ያለበት ቢሮ አራተኛ ፎቅ ላይ ቢሆንም ባለጉዳዩ «ደጅ ስጠና ከረምኩ» ይላል እንጂ «በር ስጠና» አይልም። ደጃዝማች የሚለው ማዕረግ የተገኘውም ከዚሁ ከደጅ ነው።

በር በአንጻሩ በዋናነት መተላለፊያ ክፍተቱን ያመለክታል። ስለዚህም መዝጊያ ለሌለው የተራራ ማለፊያ ጭምር ያገለግላል፤ ከደብረ ሲና በላይ ያለው ጣርማ በር ለዚህ ምስክር ነው። የሐረር ጀጎል ግንብ ጥንታዊ መግቢያዎችም ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ። እንዲያውም ነገሩን ካጠበቅነው በርም ቢሆን አይዘጋም፤ በማጠፊያ የሚዞረው ሳንቃ ወይም ቆርቆሮ ስሙ መዝጊያ ነው፤ ግራና ቀኝ የቆሙት መቃን፣ ከላይ የተጋደመው ጉበን፣ ከሥር የምንሻገረው ደግሞ ደፍ ነው። ይሁን እንጂ «በሩን ዝጋ» የሚለውን ሁሉ ማረም ልፋት ብቻ ነው።

ደጃፍ ደጅና አፍ ተጋጥመው የሠሩት ቃል ሲሆን፣ ከደፉ አልፎ እግር የሚያርፍበትን፣ ጠዋት የሚጠረገውንና እንግዳ ሲሸኝ የሚቆምበትን ቦታ ይጠራል። በኮንዶሚኒየም ቤቶች ይህ ቦታ የጋራ መተላለፊያ ቢሆንም፣ ጫማና የውሃ ጄሪካን የደረደረው ጎረቤት «ደጃፌ ነው» ብሎ ሲከራከር ይሰማል፤ በቃሉ አጠቃቀም ረገድ ልክ ነው፣ በይዞታው ግን አይደለም።

ለጽሑፍ ከሆነ የሚዘጋውን በር፣ ውጭውን ደጅ ማለቱ አሻሚነትን ያስቀራል። በቤት ውስጥ ግን አያትዎ ደጁን ዝጉት ሲሉ ዝጉላቸው።