ተጽፎ የሚወድቅ ኑዛዜ

የአንባቢያን ጥያቄና የሕግ ባለሙያዎቻችን መልስ

በዚህ እትም የምናስተናግዳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ውርስን ይመለከታሉ። ኑዛዜ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው የሟቹ ፍላጎት ስላልታወቀ አይደለም። ፍላጎቱ ለቤተሰቡ ሁሉ ግልጽ ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ሕጉ በሚጠይቀው ሥርዓት ስላልተዘጋጀ ነው። መልሶቻችንን ስታነቡ ይህን ልብ በሉልን።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር በሰማንያ ከተጋባን 14 ዓመት ሆነን። የምንኖርበትን ቤት አብረን ነው የሠራነው፤ ካርታው ግን በእሱ ስም ነው። ከቀድሞ ትዳሩ ሁለት ልጆች አሉት፤ እኛ ደግሞ አንድ ልጅ ወልደናል። «እኔ ብሞት ቤቱ ያንቺ ነው» ይለኛል። ቃሉ ይበቃኛል? (ከየካ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ እህታችን፣ ቃላቸው ከልብ እንደሆነ አንጠራጠርም፤ ግን አይበቃዎትም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባልና ሚስት አንዳቸው የሌላው ሕጋዊ ወራሽ አይደሉም። ኑዛዜ ከሌለ መጀመሪያ የሚወርሱት ልጆች ናቸው። ልጅም የልጅ ልጅም ከሌለ የሟች እናትና አባት ይወርሳሉ። ብዙ ባለትዳሮች ይህን የሚሰሙት ከቀብር በኋላ ነው።

ይህ ሲባል ባዶ እጅዎን ይቀራሉ ማለት አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ብሎ ይገምታል፤ የግል ነው የሚል ወገን ማስረዳት አለበት። ስለዚህ የቤቱ ግማሽ ቀድሞውንም የእርስዎ ነው። ለውርስ የሚቀርበው የባለቤትዎ ግማሽ ብቻ ሲሆን ሦስቱ ልጆች እኩል ይካፈሉታል፤ ለእያንዳንዳቸው ከጠቅላላው ቤት አንድ ስድስተኛ ይደርሳቸዋል። የእንጀራ ልጆችዎ ድርሻ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ይሆናል። ቤት ደግሞ እንደ እህል ተሰፍሮ አይካፈልም። ሁለቱ ልጆች «ድርሻችንን» ካሉና ስምምነት ከጠፋ ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል፤ እርስዎም የድርሻዎን ብር ይዘው ከኖሩበት ቤት ይወጣሉ።

ልጆቹን ሳይጎዱ እርስዎን የሚጠብቅ መንገድ አለ። ባለቤትዎ የድርሻቸውን ባለቤትነት ለሦስቱ ልጆች ትተው፣ እርስዎ በሕይወት እስካሉ ድረስ በቤቱ የመኖርና የመጠቀም መብቱን ለእርስዎ ሊናዘዙ ይችላሉ። ሕጉ ይህን መብት አላባ ይለዋል። ጠበቃ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሰርቪሱ ቢከራይ ኪራዩን ማን ይወስዳል? የጣሪያ ጥገናውን፣ የዓመቱን ግብር ማን ይከፍላል? ይህ በወረቀቱ ላይ ካልተቀመጠ አላባው ራሱ ሌላ ክስ ይወልዳል።

ሁለት ነገር እንጨምር። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው የሚናዘዙት ኑዛዜ አይጸናም፤ ለየራሳችሁ ጻፉ። ጋብቻችሁ በወሳኝ ኩነት ካልተመዘገበ ደግሞ ሁለታችሁም ቆማችሁ ሳላችሁ አስመዝግቡት። ባል ከሞተ በኋላ ሚስትነትን በምስክር ማስረዳት አድካሚ ነው።

ጥያቄ፦ አባታችን በጠና ታመው ሳለ ኑዛዜያቸውን በራፖር ጸሐፊ አስጻፍን። አራት ሰዎች በምስክርነት ፈርመዋል፤ ሁለቱ ግን ወረቀቱ ቤታቸው ተወስዶላቸው በማግስቱ ነው የፈረሙት። አባታችን አሁን ተሽሏቸዋል። ወረቀቱ ይጸናል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እንኳን ተሻላቸው። ወረቀቱን ግን እንደገና አስጽፉት።

ያስጻፋችሁት ሕጉ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ የሚለውን ነው። ተናዛዡ ራሱ ወይም እሱ እየተናገረ ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችላል። ዋናው ቁም ነገር ግን ጽሑፉ ተናዛዡና አራቱ ምስክሮች ባሉበት መነበብ አለበት፤ መነበቡም ቀኑም እዚያው ጽሑፉ ላይ መገለጽ አለበት፤ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያውኑ መፈረም ወይም የጣት አሻራ ማኖር አለባቸው። በእናንተ ወረቀት ሁለቱ በማግስቱ መፈረማቸው ብቻውን ለተከራካሪ በር ይከፍታል። ሌላም ነገር ፈትሹ፦ «ይህ ኑዛዜ ተናዛዡና አራት ምስክሮች ባሉበት ተነቦ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለው? ኑዛዜው በእርግጥ ተነቦ ሳለ መነበቡ ስላልተጻፈ ብቻ ፈራሽ ሊሆን ይችላል። ራፖር ጸሐፊው ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ይህን ሐረግ የረሳ እንደሆነ ጥፋቱ የሚታወቀው አባታችሁ ቀርበው ማስተካከል በማይችሉበት ጊዜ ነው።

ምስክሮቹ አካለ መጠን የደረሱ፣ ኑዛዜው የተጻፈበትን ቋንቋ የሚረዱ ይሁኑ። ከኑዛዜው አንዳች ጥቅም የሚያገኝ ሰውም ሆነ የትዳር ጓደኛው ባይፈርም ይመረጣል። ስርዝ ድልዝ ካለበት ገጹን እንደገና ጻፉት። በየገጹ ማስፈረምም ገጽ ተቀየረ ከሚል ክርክር ያድናል።

ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውልና ማስረጃ ሹም ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። እኛ የምንመክረው ይህንኑ ነው፤ ዋናው ቅጂ በመንግሥት መዝገብ ስለሚቀመጥ ጠፋ ወይም ተቀደደ አይባልም።

አባታችሁ በገዛ እጃቸው መጻፍ ከፈለጉም ይችላሉ፤ ያኔ ምስክር አያስፈልግም። ሙሉውን ራሳቸው መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ማስፈር፣ ቀን መጻፍና መፈረም አለባቸው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ወጥመድ አለ፦ እንዲህ ያለው ኑዛዜ በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ ውልና ማስረጃ ወይም የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። ሣጥን ውስጥ 10 ዓመት የቆየ ወረቀት አደራ ጠባቂ አይሆንም። በአልጋ ላይ ለሁለት ሰዎች የሚነገር የቃል ኑዛዜም ቤትና መሬት አያወርስም፤ የሚያገለግለው ለቀብር ሥርዓት፣ ለልጆች ሞግዚትና ለአነስተኛ ስጦታ ነው። ተናዛዡ ከዚያ በኋላ 3 ወር በሕይወት ከቆየ ደግሞ ቀሪ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ዘጠኝ ዓመት ሪያድ ሠርቼ በላክሁት ብር ወንድሜ ሐዋሳ ቤት ገዛልኝ። ካርታው በእሱ ስም ነው፤ እሱ አግብቶ ወልዷል። ለእኔ ውክልና እንዲሰጠኝ ልጠይቀው ወይስ ኑዛዜ ይጻፍልኝ? (ከሳዑዲ ዓረቢያ)

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለቱም አያስተማምኑም። ውክልና ሰጪው ሲሞት ያበቃል። ወንድምዎ ዛሬ ቢሰጡዎትና ነገ ቢሞቱ ወረቀቱን ይዘው ቤቱን ማዞርም መሸጥም አይችሉም። ውክልናው ሳይሰረዝ ስለቀረ ብቻ ከሞት በኋላ የተፈጸመ ሽያጭ ገዢውንም ሻጩንም ፍርድ ቤት ያመላልሳል። ኑዛዜ ደግሞ ተናዛዡ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል።

ትልቁ ስጋት ግን ሌላ ነው። ቤቱ የተገዛው ወንድምዎ ካገቡ በኋላ ከሆነ በሕግ ዓይን የእሳቸውና የባለቤታቸው የጋራ ሀብት ነው ተብሎ ይገመታል። ወንድምዎ ቢሞቱ ግማሹን ሚስት፣ ቀሪውን ልጆቻቸው ይይዛሉ። የሐዋላ ደረሰኝ ገንዘብ መላክዎን ያሳያል እንጂ ለብቻው ባለቤት አያደርግዎትም።

ስለዚህ ወንድምዎ በሕይወትና በፍቅር ሳሉ ስም ይዛወር። ለዚህ በሪያድ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ቀርበው ለሚያምኑት ሰው፣ ከተቻለ ለጠበቃ፣ ልዩ ውክልና ይስጡ። ወረቀቱ «በስሜ ስም አዛውሮ እንዲረከብልኝ» የሚለውን ለይቶ ይጥቀስ። በጥቅሉ «ንብረቴን ያስተዳድር» የሚል ውክልና የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥና ለመለወጥ አይበቃም። ሰነዱ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ወደ ውልና ማስረጃ ይሄዳል። የወንድምዎ ሚስትም በዝውውሩ ላይ ቀርበው ይፈርሙ፤ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ፈቃድ አይተላለፍም። የሐዋላ ደረሰኞችዎንና የስልክ መልእክቶችዎን አይጣሉ፤ ነገሩ ከተበላሸ የሚያስፈልጉዎት እነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ አራት ልጆች አሉኝ። አንደኛው ደብድቦኛል፣ ሰድቦኛል፤ ለእሱ ምንም አልተውም። ስሙን ሳልጠራ ለሦስቱ ብቻ ብናዘዝ ይበቃል? (ከጎንደር)

መልስ፦ የደረሰብዎት ከባድ ነው፤ አይገባዎትም ነበር። ነገር ግን ዝም ማለት ልጅን ከውርስ አይነቅልም። ኑዛዜው ልጁ መነቀሉን በግልጽ ማለት፣ ምክንያቱንም መጻፍ አለበት። ፍርድ ቤቱ ምክንያቱ ልጅን ለመንቀል የሚበቃ መሆኑን ይመዝናል። «አስቀይሞኛል» ብቻ ማለት ደካማ ነው፤ ምን እንደተፈጸመ፣ መቼ፣ ለፖሊስ ወይም ለሽማግሌ ቀርቦ እንደሆነ ይጻፍ።

ሐሳብዎ መንቀል ሳይሆን ማሳነስ ከሆነም ልክ አለው። ሀብትዎ 8 ሚሊዮን ብር ቢሆን የእያንዳንዱ ልጅ ድርሻ 2 ሚሊዮን ነው። በኑዛዜ ክፍፍል ከዚህ ሦስት አራተኛ፣ ማለትም ከ1.5 ሚሊዮን ያነሰ የደረሰው ልጅ ክፍፍሉን ሊቃወም ይችላል። አንዱን ልጅ በትልቁ ቤት፣ ሌላውን በአሮጌ መኪና የሚያካፍሉ ወላጆች ሳያውቁት ከዚህ መስመር በታች ይወርዳሉ። ንብረቱን በባለሙያ ማስገመት የሚበጀው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። እዚህም አዲስ አበባም ንብረት አለኝ። አንድ ኑዛዜ ይበቃል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ለየአገሩ የተለየ ሰነድ ቢኖርዎት እንመርጣለን፤ ሁለቱ ጠበቆችም አንዱ የሌላውን ረቂቅ ያንብብ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ በአሜሪካ የተለመደው ኑዛዜ «ከዚህ በፊት ያደረግኳቸውን ኑዛዜዎች ሁሉ ሽሬያለሁ» ብሎ ይጀምራል። አዲስ አበባ ሄደው በውልና ማስረጃ የተናዘዙትን ኑዛዜ ይህች አንድ መስመር ልታፈርሰው ትችላለች። ሽረቱ የአሜሪካውን ንብረት ብቻ እንዲመለከት ተደርጎ ይጻፍ።

የፎር ኦ ዋን ኬይ (በአሠሪ በኩል የሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ) እና የሕይወት ኢንሹራንስ ገንዘብ በኑዛዜ አይመራም፤ በአብዛኛው በቅጹ ላይ ተጠቃሚ ተብሎ ለተሞላው ሰው ይሄዳል። ከመጋባትዎ በፊት የእህትዎን ስም ወይም የቀድሞ የትዳር ጓደኛዎን ስም ሞልተው ከሆነ ዛሬውኑ ያስተካክሉት። አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን በቀጥታ ተጠቃሚ ማድረግም ገንዘቡን በፍርድ ቤት ቁጥጥር ሥር ያስገባዋል፤ ለዚህ ትረስት፣ ማለትም ገንዘቡ ለልጁ በአደራ የሚያዝበትን ሥርዓት፣ ስለማቋቋም ጠበቃዎን ይጠይቁ። የአሜሪካ ዜግነት ወስደው ከሆነ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዎን፣ ቢጫ ካርዱን፣ ያሳድሱ፤ ለአዲስ አበባው ቤት ያስፈልግዎታል።

ጥያቄ፦ የአባታችንን ተዝካር ለማውጣት የተበደርነው ከውርሱ ይቀነሳል? (ከደሴ)

መልስ፦ የቀብር ወጪ የሟቹን ኑሮ ያገናዘበ እስከሆነ ድረስ ከሁሉም ዕዳ ቀድሞ ከውርሱ ይከፈላል። ተዝካር ግን በቀብር ወጪ አይቆጠርም። ወራሾች በስምምነት ልታዋጡ ትችላላችሁ፤ ከመበደራችሁ በፊት ስምምነቱን ጽፋችሁ ተፈራረሙ።

ጥያቄ፦ ጠበቃ ዘንድ ስንሄድ ምን ይዘን እንሂድ? (ከቦሌ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ካርታ፣ ሊብሬ፣ የባንክ ደብተር፣ የአክሲዮን ሰርተፊኬት፣ የጋብቻና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ያዙ። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ካለ ለጠበቃው አትደብቁት፤ እኩል ወራሽ ነው፤ ካልተጠቀሰም ኑዛዜውን የሚያናጋው እሱ ነው። ያበደራችሁትንም የተበደራችሁትንም፣ የዕቁብ ቀሪ ዕዳ ሳይቀር፣ ዘርዝሩ። ውርስ አጣሪ፣ ማለትም ንብረቱንና ዕዳውን ለይቶ ለክፍፍል የሚያዘጋጅ፣ ሰው ምረጡ፤ ፈቃደኝነቱንም አስቀድማችሁ ጠይቁት። ሙስሊም ቤተሰቦች ጉዳያቸው በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ ከፈለጉ ይህ በተከራካሪዎቹ ፈቃድ የሚሆን ስለሆነ ከወራሾቻቸው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።

ከተናዘዛችሁ በኋላ ልጅ ከተወለደ ወይም ከተፋታችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ሁለቱም በኑዛዜው ላይ የተሰጡ ስጦታዎችን ቀሪ ሊያደርጉ ይችላሉ። ኑዛዜው የት እንደተቀመጠም፣ የመዝገብ ቁጥሩን ጨምሮ፣ ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቅ።