ባዶ ማክሰኞ ያለበት ቤት ፈልጉ

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት ወንድሜ። አምስት ልጆች ናችሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሄቪ ሜታል የሚባለውን የከበደ ሮክ ትጫወታላችሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የቤዝ ተጫዋቻችሁ አባት ጋራዥ ውስጥ ስትለማመዱ ከርማችሁ መድረክ ላይ የወጣችሁት ሦስቴ ብቻ ነው። "ውጭ አገር ያሉት ባንዶች እንዴት ነው የሚኖሩት? የሚያስጫውቷቸው ቤቶችስ እንዴት አይከስሩም?" ብለህ ጠይቀሃል። ከእኔ በፊት የመለሱልህ አብዛኞቹ "ስፖንሰር ፈልጉ፣ ክሊፕ ሥሩ" ብለዋል። ክፋት የለውም፤ እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው።

እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ከገባሁ 17 ዓመቴ ነው። ከዚህ ውስጥ ዘጠኙን ዓመት ቀን መጋዘን እየሠራሁ፣ ማታ አንድ መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ባለች የሙዚቃ ክፍል አምፕ ተሸክሜአለሁ፤ በር ላይ ቆሜ የገቢውን ሰው እጅ በማህተም መትቻለሁ፤ ኋላ ላይም የድምፅ ሚክሰሩን ይዣለሁ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ እንዳንተው ጊታር እጫወት ነበር። አንድ ሆቴል ባር ውስጥ ሐሙስ ማታ እንድንሞክር ተፈቀደልንና ሦስተኛው ዘፈን ላይ ማናጀሩ መድረኩ ጥግ መጥቶ በጆሮዬ "ልጄ፣ ጉራግኛ የላችሁም?" አለኝ። የለንም አልኩት። አራተኛውን ስንጀምር ድምፃችን ጥፍት አለ። መብራት ሄዶ ነው ብለን ቆመን ስንጠብቅ የባሩ ፍሪጅ አጠገባችን ያንኮራፋል። ለካ ሶኬታችንን ነቅሎት ነው። ስለዚህ ብስጭትህ ይገባኛል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ሜታል የተወለደው እዚህ በርሚንግሃም ነው ሲባል ሰው የሚያስበው ስታዲየም ነው። የተጀመረው ግን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለች ዘ ክራውን በምትባል መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ጂም ሲምፕሰን የሚባል ጥሩምባ ነፊ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ክፍሉን እየያዘ ሄንሪስ ብሉዝሃውስ የሚል የብሉዝ ምሽት ከፈተ። ማክሰኞ ልብ በል። ዓርብና ቅዳሜ ባለቤቱ ያለማንም እርዳታ ይሸጣል፤ ማክሰኞ ግን ቤቱ ባዶ ነው፤ ባዶ ቤት ያለው ሰው ደግሞ ለመደራደር ልቡ ክፍት ነው። ኋላ ብላክ ሳባዝ የሚባለው የሜታል ፋና ወጊ ባንድ የሆኑት አራት ልጆች እዚያ ሲመላለሱ ቆይተው አንድ ቀን "እኛም እንጫወት" አሉ። ሲምፕሰን ራሱ ደጋግሞ እንደተናገረው የመጀመሪያ ክፍያቸው አራት የክለቡ ቲሸርት ነበር። ለአራት ሰው አራት ቲሸርት! ከዚያ ማናጀራቸው ሆነ፤ የመጀመሪያ አልበማቸው በየካቲት 1970 ወጣ።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእናንተ ይበልጥ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ እዚሁ በርሚንግሃም ስፓርክሂል ሰፈር ውስጥ ሜርሜይድ የምትባል መጠጥ ቤት ነበረች፤ የሙዚቃው ክፍል እንደ ክራውኑ ፎቅ ላይ ነው። ናፓልም ዴዝ የሚባለው ባንድ ልጆች ያን በፍጥነቱ ትንፋሽ የሚያሳጣ ሙዚቃቸውን የሞረዱት እዚያ ነው። በ1986 ሴሊ ኦክ ውስጥ ባለ ስቱዲዮ አንድ ሌሊት በ50 ፓውንድ ገብተው ቀዱ። ይሄ ቅጂ በቀጣዩ ዓመት የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ሸክላ አንድ ገጽ ሆነ። ሁለተኛው ገጽ ሲቀዳ ከድራመሩ በቀር የባንዱ ሰዎች በሙሉ ተቀይረው ነበር! ባንድ እንዲህ ነው፤ አንዱ ያገባል፣ አንዱ ይሰደዳል፣ ሁለቱ ይጣላሉ። እዚህ አገር ባንዶች ሲበተኑና እንደገና ሲጠጋገኑ ኖረዋል፤ ጊታሪስቱ ያንኛው ባንድ ቢፈርስ በሚቀጥለው ረቡዕ አዲስ ድራመር የሚያገኝበት ክፍል ስላለ ነው። እናንተ ያጣችሁት ይሄን ነው። ሙዚቃችሁን ልከህልኝ ሰምቻለሁ፤ ሙዚቃው ምንም አላነሰውም።

እኔ የሠራሁባት ክፍል 90 ሰው ትይዛለች፤ 40 ሰው ከገባ ሞልታ ትታያለች። ትንሽነቷ ትልቁ ሀብቷ ነው፤ አንድ ሺህ ሰው በሚይዝ አዳራሽ 40 ሰው ቀብር ይመስላል። ባለቤቱ ጠና ያለ ሰውዬ ነው፤ ሜታል አይወድም፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጆሮው ላይ የፋብሪካ መከላከያ አድርጎ ነው ቢራ የቀዳው። ውላችን በቃል ነበር። ክፍሉ በነፃ፣ ባሩ የሱ፣ የበር ገቢው የኛ። ከበር ገቢው መጀመሪያ ድምፁን የሚቆጣጠረው ሳውንድ ማን ይከፈለዋል፤ ቀጥሎ ከሌላ ከተማ የመጣው ባንድ የነዳጁን ይወስዳል፤ የተረፈች ካለች ለከተማው ባንዶች። ብዙ ጊዜ አትተርፍም። የከተማው ልጅ ግን አይከፋውም፤ ነገ እሱም ሌላ ከተማ ሲሄድ የነዳጁን የሚሰጡት እነዚያው ናቸው።

ድራሙ የሁሉም ነው፤ እያንዳንዱ ድራመር ስኔሩን፣ ሲምባሉንና ፔዳሉን ብቻ ይዞ ይመጣል። የቤዝ ድምፅ ማጉያ ሳጥኑም (ካቢኔቱ) አንድ ነው። በባንዶች መካከል 15 ደቂቃ እንጂ አንድ ሰዓት የማይፈጀው በዚህ ነው። ለአንድ ባንድ 30 ደቂቃ፤ ካለፈ እኔ ነኝ የምቆርጠው፤ ቆርጬም አውቃለሁ። ሌላው ሕግ አልተጻፈም፤ ግን ከሁሉም ይበልጥ የጠበቀ ነው። ተጫውቶ ዕቃውን ጭኖ ውልቅ የሚል ባንድ ሁለተኛ አይጠራም። ቆይተህ የሌላውን ታያለህ። አራት ባንድ በአራት አባል ሲባዛ 16 ሰው ነው፤ ቀዝቃዛ ምሽት ላይ ይሄ የታዳሚው ግማሽ ነው።

አንድ የካቲት በረዶ ጥሎ አውቶቡስ ቆመ። ከሰሜን ሦስት ሰዓት ነድተው የመጡ ልጆች ነበሩን፤ በር ላይ የቆጠርኩት 11 ሰው ነው። ድምፃዊው ከመድረክ ወርዶ ወለሉ ላይ በ11ዱ መሃል ቆሞ ዘፈነ፤ ላቡ በብርድ ሲጨስ አየሁት። ሲጨርሱ ባለቤቱ የተጠበሰ ድንች በትልቅ ሳህን አመጣላቸውና ሳያናግራቸው ሄደ። በዓመቱ ተመልሰው ሲመጡ ደረጃው ድረስ ሰው ቆሞ ነበር። የዚያን ቀን የነበሩት 11 ሰዎች አሁን 50 ሆነዋል፤ ሁሉም "በበረዶው ቀን ነበርኩ" ይላል።

ሐምሌ 5 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ብላክ ሳባዝ ድምፃዊያቸው ኦዚ ኦዝበርን ባደገበት ሰፈር አስቶን፣ ቪላ ፓርክ ስታዲየም የመጨረሻ ኮንሰርታቸውን አቀረቡ። ወደ 40 ሺህ ሰው ነበር። ኦዚ ከ17 ቀን በኋላ አረፈ። በዚያ ሰሞን ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ክራውን በር ላይ ፎቶ ሲነሱ አየሁ። በሩ ዝግ ነበር፤ መጠጥ ቤቱ የተዘጋው በ2014 ነው። ትንሽ ከፋኝ፤ ለዚህች ክፍል ግማሹን እንኳ ሰው በየማክሰኞው ቢመጣላት ኖሮ አልኩ። ያቺ የኛ ክፍል በዚያው ሳምንት ረቡዕ 35 ሰው አስገብታለች።

"እንግሊዝ ሌላ፣ እኛ ሌላ" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገሩ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም እኮ። ዋሊያስ ባንድ ሂልተን ውስጥ፣ አይቤክስ ባንድ ራስ ሆቴል ውስጥ ቤታቸው አድርገውት በየምሽቱ ሲጫወቱ ነው ያ የድሮ ዘመናዊ ሙዚቃችን ድምፅ የተወለደው። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊው ስለሚይዘው ታዳሚው በር ተዘግቶበት እስኪነጋ ሲጨፍር ያድር ነበር፤ ባንዱም እስኪነጋ መጫወት ነበረበት። እንዲህ ያለ ልምምድ የትም ጋራዥ አይሰጥህም። ዳንሰኛው መላኩ በላይም በጉርሻ ሲጨፍርበት የነበረውን አዝማሪ ቤት፣ ፈንድቃን፣ ኋላ ራሱ ይዞ ነው ዓለም ያወቀው ቤት ያደረገው።

ሌላውንም ታውቀዋለህ። የጃዝ ቤቱ ጃዝአምባ ጥር 2007 ዓ.ም. ከጣይቱ ሆቴል ጋር ተቃጠለ። ፈንድቃም በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ ከነበረበት ተነሳ። ጃኖ ባንድ በአማርኛ ሮክ ትልቅ መድረክ እንደሚሞላ አሳይቷል፤ ግን ከጋራዥ እስከ ትልቅ መድረክ ባለው መሃል ደረጃው የለም። ከእናንተ የሚጠበቀው የመጀመሪያዋን ደረጃ ማበጀት ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። ጋራዥና መጋዘን የሚበዛበት ሰፈር፣ ከቤተ ክርስቲያንም ከመኖሪያ ግቢም ራቅ ያለች ትንሽ ግሮሰሪ እፈልጋለሁ። ባለቤቱን ሳናግር "ሜታል" የምትለዋን ቃል መጨረሻ ላይ ነው የማነሳት፤ አልደብቅም፣ ግን በሷ አልጀምርም። "በወር አንድ ማክሰኞ፣ ሠላሳ ሰው አመጣለሁ፣ ባሩ ያንተ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ እንዘጋለን" እላለሁ። አራት ሰዓቱን በደቂቃ አከብራለሁ። ጎረቤት የሚማረረው ከጊታሩ ጩኸት ይልቅ "አሁን ያልቃል" ተብሎ ባላለቀው ነው። እዚህ እንግሊዝ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነባር የሙዚቃ ቤት አጠገብ አፓርታማ የሚሠራ ባለሀብት ድምፅ መከላከሉ የሱ ዕዳ እንዲሆን በፕላን መመሪያ ገብቷል። እናንተ ያ የላችሁም፤ ያላችሁ ጎረቤትን ቀድሞ ሄዶ ማናገር ብቻ ነው፤ ከእናንተ ውስጥ ፀጉሩ አጭር የሆነው ይሂድ።

ዐቢይ ጾም ላይ አትጀምሩ፤ ግማሹ ከተማ ሙዚቃ ዘግቷል። ከፋሲካ በኋላ ጀምሩና ስድስት ወር አትንቀሳቀሱ። ስምንት ሰው ቢመጣም በሚቀጥለው ወር ያው ማክሰኞ፣ ያው ቤት። ቀን የቀየራችሁ ዕለት ስምንቱንም ታጣላችሁ። ለብቻችሁም አትሁኑ፤ ሮክም ፓንክም የሚጫወቱ ሁለት ባንዶች ጨምሩና ዕቁብ ግቡ። የመጀመሪያው ዕጣ የጋራ ድራም፣ ሁለተኛው የቤዝ አምፕ። አባቶቻችን በዕቁብ ሱቅ ከፍተዋል፤ ድራም አያቅተውም።

ሰው ሙዚቃችንን "የሰይጣን ሙዚቃ" ይለዋል ስላልከው፣ እሱ አዲስ አይደለም። የብላክ ሳባዝን ስም ያስጠራው ዘፈን መክፈቻው ላይ ሦስት ሙሉ ቶን በሚራራቁ ሁለት ድምፆች ይመላለሳል፤ ፈረንጆቹ ይሄን ርቀት ከድሮ ጀምሮ በሰይጣን ስም ነው የሚጠሩት። ጊታርህን አንሳና አንቺ ሆዬ ቅኝትን ተጫወተው፤ ያው ርቀት እዚያም ቁጭ ብሎ ታገኘዋለህ። አዝማሪ በማሲንቆ ሲጫወተው ማንም አማትቦ አያውቅም። ለቤተሰብ ይሄን ማስረዳት ግን አይሠራም፤ ሞክሬዋለሁ። እናቴ እዚህ ልትጠይቀኝ መጥታ አፅም የተሳለበትን ጥቁር ቲሸርቴን አጠበችልኝ፤ ስትሰጣው ግን ገልብጣ ነው ያሰጣችው፤ ጎረቤት ሐበሻ እንዳያይብኝ። ምንም አላለችኝም። እስክትመለስ ድረስ ሁሌም እየገለበጠች ነው ያሰጣችው።

ገንዘቡን ሳልነግርህ እንዳልቀር፤ እዚህ ከማውቃቸው የሜታል ልጆች ከሙዚቃ ብቻ የሚኖር የለም። አንዱ ነርስ ነው፣ አንዱ ቧንቧ ሠሪ፣ አንዷ የሒሳብ አስተማሪ ናት። የብላክ ሳባዝ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚም የቆርቆሮ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ በ17 ዓመቱ ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻዋ ቀን ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠው። ግራኝ ስለሆነ የተቆረጠው ክር የሚጫንበት የቀኝ እጁ ነው። የፈሳሽ ሳሙና ፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ ቆዳ ለጠፈበት፣ ቀጫጭን ክር አሰረ፤ ኋላም ክሩን አላልቶ ዝቅ አድርጎ መቃኘት ጀመረ። ዛሬ ሁላችንም የምንቀዳው ያ የከበደ ድምፅ በከፊል ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ አምፓችን ርካሽ ነው ያልከውን አልሰማሁም።

ድራመራችሁ ድርብ ፔዳል እንደሌለው ጽፈሃል። እኔ ጋ አንድ አሮጌ አለ፤ የግራው ስፕሪንግ ላልቷል እንጂ ይሠራል። ለገና የሚመጣ ልጅ አለ፤ ሻንጣው ውስጥ ቦታ ካለው እልክላችኋለሁ፤ በውስጥ ጻፍልኝ።