የጨዋ ልጅና ጥሩ ሰው

ጥያቄ፦ የአሜሪካዊቷን ደራሲ የፍላነሪ ኦኮነርን አጭር ልብ ወለድ «ጥሩ ሰው ማግኘት ይከብዳል» አንብቤ ግራ ገባኝ። በመኪና ጉዞ ላይ ያለውን ቤተሰብ የሚያስፈጀው፣ ከእስር ያመለጠው ወንጀለኛ ሚስፊት ስለ ክርስቶስ አጥብቆ ያስባል፤ «ጸልይ» የምትለው አያት ደግሞ ውሸታም ናት። ደራሲዋ ለማን ታደላለች? ወይስ እንደ በላዔ ሰብእ ታሪክ ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ መጀመሪያ የአያትየዋን ጥፋት አንድ በአንድ ይቁጠሩ፤ ጥቃቅን ስለሆነ በቀላሉ ያመልጣል። ልጇ እንደማይፈቅድ እያወቀች ድመቷን በቅርጫት ደብቃ ትሳፈራለች። የልጅ ልጆቿን ለማጓጓት፣ ድሮ በምታውቀው ቤት የብር ዕቃ የተደበቀበት ግድግዳ አለ ብላ ትዋሻለች። ቤቱ እነሱ ባሉበት በጆርጂያ ሳይሆን በቴነሲ መሆኑ ትዝ ሲላት ትደነግጣለች፤ ድመቷ ዘላ መኪና የሚነዳው ልጇ ትከሻ ላይ ትወጣለች፤ መኪናው ይገለበጣል። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ አደጋው ቦታ የደረሰውን ሚስፊትን «አወቅሁህ» ትለዋለች። ስድስት ሰው የሚያልቀው እንዲህ ነው።

ለእሷ ጥሩነት ማለት ጨዋነት ነው። ባርኔጣና ጓንት አድርጋ የምትጓዘው አደጋ ቢደርስ አስከሬኗን ያየ ሁሉ ወይዘሮ መሆኗን እንዲያውቅ ነው። ሚስፊትንም የምትለምነው «የጨዋ ልጅ ነህ» እያለች ነው። እሱ ግን ጥያቄውን እስከ ጥጉ ይወስደዋል፦ ክርስቶስ ሙት አስነሥቶ ከሆነ ሁሉን ትቶ መከተል፣ ካልሆነ ሰው እየገደሉ ቤት እያቃጠሉ መደሰት። እምነትን ከእሷ ይልቅ ከልቡ ይዞታል። ስለዚህ ብቻ ቅዱስ አድርጎ ማንበብ ግን ስሕተት ነው፤ ሕፃን ሳይቀር አስገድሏል።

ዋናው ቦታ አያትየዋ «አንተም ከልጆቼ አንዱ ነህ» ብላ ትከሻውን የምትነካበት ነው። እባብ እንደነደፈው ወደ ኋላ ዘሎ ሦስት ጊዜ ይተኩስባታል። በዚያ ሰዓት የሟች ልጇን ሸሚዝ ለብሷልና ተምታቶባት ነው የሚሉ አሉ። ካቶሊኳ ኦኮነር ግን በ1963 ሆሊንስ ኮሌጅ ስለ ታሪኩ ስትናገር፣ ከሬሳው ይልቅ በአያትየዋ ነፍስ ውስጥ የሚሠራውን ጸጋ እንድናይ መክራለች፤ የአያትየዋም ንክኪ እንደ ሰናፍጭ ቅንጣት በገዳዩ ልብ ሊያድግ እንደሚችል ማሰብ ትወድ ነበር።

በላዔ ሰብእ 78 ነፍስ አጥፍቶ በጥርኝ ውኃ ሲድን ሚዛኑ ሲያጋድል እናያለን። እዚህ ሚዛን የለም። ያለው አንዲት ለውጥ ናት፦ ቀደም ሲል ከክፋት በቀር ደስታ የለም ያለው ሰው፣ መጨረሻ ላይ መነጽሩን አውልቆ በሕይወት እውነተኛ ደስታ የለም ይላል።

ጥያቄ፦ ይህንኑ ታሪክ እየተረጎምኩ ነው። የርእሱን ቃል እንደ ቦታው «ደግ»፣ «ጥሩ»፣ «ጨዋ» እያልኩ ላፈራርቀው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አያፈራርቁት። አያትየዋ «ጥሩ ሰው» የሚለውን ቃል በመጀመሪያ ለምግብ ቤቱ ባለቤት ለሬድ ሳሚ፣ ኋላም ለነፍሰ ገዳዩ ትሰጠዋለች። ቃሉ ከተለወጠ አንባቢው ያን ርካሽ እደላ አያይም። ሚስፊትም ሲጨርስ፣ በየደቂቃው የሚተኩስባት ቢኖር ጥሩ ሴት ይወጣት ነበር የሚለው በዚያው ቃል ነው። «ጨዋ»ን ስለ ትውልድና አስተዳደግ ለምትናገርበት ቦታ ብቻ ያስቀምጡት። «ደግ» ደግሞ ርኅራኄን ስለሚያመጣ ለአያትየዋ አፍ ከመጠን በላይ ይሞቃል።