ጉልላቱ ለምን ይንሸራተታል?

ጥያቄው የመጣው ከጀርመን ነው። አንድ ወንድማችን የድሮውን የጅቡቲ–አዲስ አበባ የእንፋሎት ባቡር በ1፡22.5 አሳንሶ ከነሐስ እየሠራ ነው። ለሞዴል ውድድር ሊያቀርበው አስቧል። በቦይለሩ፣ ማለትም ውሃ በሚፈላበት በርሜል፣ አናት ላይ ያለውን ጉልላት በእስታኞ (በካውያ በሚቀልጥ የመበየጃ ቅይጥ) በየደው። ከዚያ አጠገቡ ያለውን የእጅ መያዣ ዘንግ ሲበይድ ጉልላቱ ሸርተት ይላል። «የብየዳ ካውያዬ 25 ዋት ነው፤ ከዚህ ያነሰ ልግዛ?» ይለኛል።

ኧረ በፍጹም! ጣጣው ካውያህ ደካማ መሆኑ ነው። ነሐስ ሙቀት ይጠጣል። እስታኞው እስኪቀልጥ ግማሽ ደቂቃ ስትጠብቅ ቦይለሩ በሙሉ ይግላል። ተራው እስታኞ ደግሞ 183 ዲግሪ ላይ መላላት ይጀምራል፤ ጉልላቱ ምን ይጠብቃል? ጫፉ ሰፋ ያለ የ80 ወይም የ100 ዋት ካውያ ያዝ። ነካ አድርገህ በሁለት በሦስት ሴኮንድ አንሳ። ጉልላቱን በራሰ ጨርቅ ጠቅልለው።

ቅደም ተከተሉንም አስተካክል። ትልልቁን ክፍል ብር ባለበት ቅይጥ በመበየድ ጀምር፤ ከ600 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልግ በኋላ የሚመጣው ሙቀት አይነካውም። ቀጥሎ ተራው እስታኞ። ቶሎ ከሚቀልጥ ለስላሳ ቅይጥ የተሠሩ ጌጦች መጨረሻ ላይ፣ 70 ዲግሪ በሚቀልጠው እስታኞ። ይሄኛው ግን በባዶ ነሐስ ላይ አይዝም። መጀመሪያ ነሐሱን በተራው እስታኞ ስስ አድርገህ ቀባው። መስኮትም ክፈት፤ በ70 ዲግሪ ከሚቀልጡት ብዙዎቹ እርሳስና ካድሚየም የሚባሉ መርዛማ ብረቶች አሉባቸው።

ይህን ሁሉ የምልህ ሞዴልህ ለዕይታ ብቻ ስለሆነ ነው። እውነተኛ እንፋሎት የሚይዝ ቢሆን ቦይለሩን በእስታኞ እንድትበይድ አልመክርህም ነበር።

አሁን ወደ መያዣው። በፎቶው እንዳየሁት ከውጭ ነው የበየድከው፤ በየእግሩ ሥር የእስታኞ እብጠት አለ። ዳኛ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ቦይለሩን ብሳ፣ እግሩን ወደ ውስጥ አሳልፍ፣ ከውስጥ በይድ። ሽቦውም ወፍሯል። 2 ሚሊሜትር ማለት በእውነተኛው ባቡር ላይ 45 ሚሊሜትር ቱቦ ነው፤ የትኛው እሳት አንዳጅ ነው ያንን የሚጨብጠው? 1.3 ይበቃል።

መጠኑን ግን አሪፍ መርጠሃል። የዚያ መስመር ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ስለነበር፣ በ1፡22.5 ወደ 44.4 ሚሊሜትር ይወርዳል። ገበያ ላይ ያለው የ45 ሚሊሜትር ሐዲድ ልክክ ይልለታል።

በየቀኑ ሥራህን ስትጨርስ በሞቀ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ፣ በጥርስ ብሩሽ እጠበው። እስታኞው እንዲይዝ የሚቀባው የፍላክስ ቅሪት ከቀለም ሥር አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። እኔን አንዴ ጉድ ሠርቶኛል፤ ቀለሙን በሙሉ ልጬ እንደገና ጀመርኩ።

የተንሸራተተውን ጉልላት ደግሞ በካውያ አትነካካው። አንሳው፣ የድሮውን እስታኞ ጠርገህ አውጣ፣ ከቦይለሩ ውስጥ በ2 ሚሊሜትር ብሎን እሰረው። ብሎን አይቀልጥም።